21 ሺህ ተከታይ፣ ባዶ አልጋ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ 14 አልጋ ያለው ገስት ሃውስ አለን። አነስተኛ የስብሰባ አዳራሽም አለን። ዌብሳይት አሠርተናል፣ ፌስቡክ ላይ 21 ሺህ ተከታይ አለን፣ ቴሌግራም ቻናልም ከፍተናል። በየቀኑ ፖስት እናደርጋለን። በኢንተርኔት የመጣልን እንግዳ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ዌብሳይቱን የሠራልን ልጅ አሁን ደግሞ ‹አፕ ካላሠራችሁ ዋጋ የለውም› ይለናል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ጉግል ማፕ ላይ ስማችንን አጥፍቶናል፤ እንዴት ነው የምናስጠፋው? ፎቶዎቻችንንም ሌሎች እየወሰዱ በስማችን ቀብድ ይቀበሉባቸዋል። ምን ይሻለናል? ወይስ ኢንተርኔት ለእኛ ከተማ አይሆንም?»

ምላሽ፦

አፑን አታሠሩ። ያንን ገንዘብ ለፍራሽ፣ ለውሃ ታንከር ወይም ለጀነሬተር ነዳጅ አውሉት። ይህን ያስቀደምኩት ምናልባት ነገ ቅድሚያ ክፍያ ልትከፍሉ አስባችሁ ከሆነ ብዬ ነው። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን።

«ለእኛ ከተማ አይሆንም ወይ?» ላላችሁት፣ ይሆናል። እንዲያውም እንደ ሐዋሳ ላለ ከተማ ነው የሚሆነው። የእናንተ ደንበኛ ጎረቤታችሁ አይደለም። ቅዳሜና እሁድን ሐይቅ ዳር ሊያሳልፍ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ቤተሰብ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለስልጠና የላከው ሠራተኛ ነው። ለሠርግ፣ ለገብርኤል ንግሥ፣ ለፍቼ ጨምበላላ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ የሚመጣ ሰው ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ሻንጣውን ሳይዘጋ አልጋ ይፈልጋል። የሚፈልገውም በስልኩ ነው። ፈላጊ ሞልቷል። ያልተገናኛችሁት በሌላ ምክንያት ነው።

የላካችሁልኝን ሊንኮች ከፍቼ አየኋቸው። ፌስቡካችሁ ላይ አብዛኛው ፖስት ሰላምታ ነው። መልካም ሰኞ፣ መልካም አርብ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ጀምበር ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ የሚያሳይ ፎቶ አለ፣ ቆንጆ ነው። አንድ ፖስት ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ አዲስ ያደሳችሁትን ክፍል ያሳያችሁበት። እሱ ሥር ያለውን ኮሜንት አንድ በአንድ አነበብኩ። «ዋጋ?» ይላል የመጀመሪያው። «አልጋ ስንት ነው?» ይላል ቀጣዩ። «ፓርኪንግ አለው?» «ሙቅ ውሃ 24 ሰዓት ነው?» «ከሐይቁ ምን ያህል ይርቃል?» «ዋጋ ፕሊስ»። የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ኢንቦክስ ያድርጉን»። ከታች አንዱ «ኢንቦክስ ካደረግኩ ሦስት ቀኔ፣ የሰው ያለህ!» ብሎ ጽፏል። እሱንም የመለሰለት የለም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው? በኢንተርኔት የሚመጣ እንግዳ የለም አላችሁ እንጂ፣ መጥተዋል እኮ! ጠይቀዋልም። የጠፋው መላሽ ነው።

ብዙ ድርጅት የሚስተው እዚሁ ላይ ነው፣ ትልቁም ትንሹም። ኢንተርኔትን እንደ ርካሽ ቴሌቪዥን ያየዋል። በቴሌቪዥን አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የአየር ሰዓት ትገዛላችሁ፣ ማስታወቂያችሁ ይለቀቃል፣ ተመልካቹም ድራማው እስኪመለስ ወደደም ጠላም ይጠብቃል። ሬዲዮውም፣ ቢልቦርዱም፣ በሞንታርቦ እየጮኸች የምታልፈው መኪናም ያው ናቸው። መናገሪያው ውድ ስለሆነ፣ ገዝቶ የያዘው ሰው ጉልበት አለው። ኢንተርኔት ሲመጣ ብዙ ነጋዴ «ያው ሞንታርቦ ነው፣ ዋጋው ብቻ ቀነሰ» ብሎ ያዘው። ከዚያ በኋላ ሥራው ፖስት ማብዛትና ተከታይ መቁጠር ሆነ። «በቀን ሦስት ፖስት» እያሉ የሚያሰለጥኑ የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያዎችም ነገሩን አባብሰውታል፣ ለምን ይዋሻል።

አሠራሩ ግን ጨርሶ ሌላ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የምነግራችሁ ምክር ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ቪንት ሰርፍ እና ቦብ ካን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ የተለያዩ የኮምፒውተር መረቦች እንዴት እርስ በርስ መነጋገር እንደሚችሉ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ እየተሻሻለ ሄዶ ቲሲፒ አይፒ የሚባለው ስምምነት ሆነ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ደግሞ አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ የምርምር መረብ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ስምምነት ዞረ። በዚህ አሠራር ማንኛውም መልእክት በትንንሽ እሽግ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ እሽግ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለ። መሀል ያሉት ማሽኖች አድራሻውን አይተው ወደሚቀጥለው ያሳልፋሉ። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ውስጡ የሠርግ ፎቶ ይሁን የባንክ ክፍያ፣ ደብዳቤ ይሁን ቀልድ፣ ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚመጣው አስፋልት አይሱዙው ሽንኩርት ይጫን ሲሚንቶ እንደማይጠይቀው ማለት ነው።

ብልሃቱ ያለው ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። የጠፋ እሽግ ካለ ድጋሚ የሚያስልከው፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ ወደ ፎቶ ወይም ወደ ድምፅ የሚመልሰው የእናንተ ስልክና የእንግዳችሁ ስልክ ነው። ሳልትዘር፣ ሪድ እና ክላርክ የተባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ በደንብ አብራርተውታል። መሀሉን ቀለል አድርጎ መተው፣ አዋቂነቱን ወደ ጫፍ መግፋት።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ተወለደ። አዲስ ነገር ለመጨመር ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ሆኖ ዛሬ ዌብ የምንለውን ነገር ሲያቅድ፣ ከአለቆቹ በቀር «የኢንተርኔት ባለቤት» ዘንድ ሄዶ ፈቃድ አልጠየቀም። ባለቤት የለውማ። በዚያው ሰሞን ጎፈር የሚባል ተፎካካሪ ነበር፤ የአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሠራው። በጊዜው በጣም ተወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ዩኒቨርሲቲው ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አሳወቀ። ሰርን ደግሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ቀን ዌብን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። ጎፈር የከሰመው በዚህ ብቻ አይደለም፣ ግን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ያለበትን ነገር እንደ በር ቆልፈው ሊያስከፍሉበት አሰቡ። ሰው ግን በሩን አልገፋም፣ በሌላ በኩል ሄደ።

ይሄ ሁሉ ለ14 አልጋ ምን ይረባል ትሉኝ ይሆናል። ይረባል። መሀሉ ባዶ ከሆነ፣ እዚያ ቆሞ እንግዳ የሚያመጣላችሁ አካል የለም ማለት ነው። እንግዳውን ይዞ የሚያስጠብቅላችሁም የለም። ያላችሁት አንድ ጫፍ ነው። እንግዳው ሌላው ጫፍ ነው። የእሱ ጫፍ ከእናንተ ጫፍ አያንስም። ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ይቀዳል፣ ያወዳድራል፣ በአንድ ጣት ደግሞ ይሄዳል። የጠየቃችሁኝ ነገር ሁሉ፣ ባዶው አልጋም፣ ፎቶውም፣ ክፉው ጽሑፍም፣ አፑም፣ ይህን ሰው እንደ ተመልካች ከመቁጠር የመጣ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ዋጋ የማይጽፉ ሰዎችን ለምን ስላቸው የሚሰጡኝ መልስ ይመሳሰላል። «ተወዳዳሪ እንዳያይብን» ይላሉ። ተወዳዳሪያችሁ ማወቅ ከፈለገ አንድ ስልክ ይበቃዋል፤ ምናልባት እስካሁን ደውሎ ይሆናል። «ዋጋው ይለዋወጣል» ይላሉ። እሱም ይጻፋል፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይህን ያህል፣ ቅዳሜና እሁድ ይህን ያህል፣ በበዓል ሰሞን ደውላችሁ አረጋግጡ። ሦስተኛው መልስ «ኢንቦክስ ከመጣ አናግረን እናሳምነዋለን» የሚል ነው። ይሄኛው ነው የቴሌቪዥን በሽታ የምለው። ሰውየው አምስት ገስት ሃውስ በአምስት ገጽ ከፍቶ ነው የሚያያችሁ። ዋጋ የጻፈውን ያስቀራል፣ ያልጻፈውን ይዘጋል። የምታሳምኑት ሰው ኢንቦክስ አይደርስም።

አሁን ደግሞ ትልቁን ገበያችሁን እንይ፣ አዳራሹን። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ስልጠና የምታስተባብር ሠራተኛ አስቡ። 12 ሰው፣ ሦስት ቀን፣ ሐዋሳ። ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ አለባት። ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል፣ አለቃዋ ከሥራ መውጫ በፊት ይፈልገዋል። ማወቅ የምትፈልገው ግልጽ ነው። ስንት አልጋ አለ? አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል? ፕሮጀክተር አለው? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ አዳራሹን ያበራል ወይስ ኮሪደሩን ብቻ? የሻይ ሰዓትና ምሳ በሰው ስንት ነው? ዋጋው ቫትን ይጨምራል? ደረሰኝ ይቆረጣል? የእናንተን ዌብሳይት ትከፍታለች። «ልዩ መስተንግዶ፣ ምቹ ማረፊያ፣ ዘመናዊ አዳራሽ» ይላል። ዘመናዊ ስንት ወንበር ነው? ትዘጋዋለች።

ለእሷ አንድ ገጽ ሥሩላት። ርዕሱ «ለስልጠናና ለስብሰባ» ይሁን። ከላይ የዘረዘርኩትን ጥያቄ ሁሉ በቁጥር መልሱ። የአዳራሹን ፎቶ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ አንሱ፣ ባዶውን አይደለም። ከታች ስልክ፣ ቴሌግራምና ኢሜይል። «በሥራ ሰዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ ፕሮፎርማ እንልካለን» በሉ፤ የማትችሉ ከሆነ ግን አትጻፉት። ማኅተም ያረፈበት የፕሮፎርማ ናሙና አዘጋጅታችሁ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡ። ሪሴፕሽን ላይ ከምትሠሩት ለአንዳችሁ ይህን በስም ስጡት፤ የሁሉም ሥራ የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ለቡስት (ፖስታችሁ ለብዙ ሰው እንዲታይ ለፌስቡክ) የምትከፍሉትን ገንዘብ ሁሉ ብታቆሙትና ይህንን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ታተርፋላችሁ። አንድ የተሳካ ስልጠና ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፤ አስተባባሪ ያመነውን ቦታ ቶሎ አይቀይርም።

ስትጽፉ በጽሑፍ ጻፉ። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል። የምግብ ዝርዝራችሁን አየሁት፤ ጥቁር ባነር ላይ በወርቃማ ፊደል ተሠርቷል። ዲዛይነሩ ደክሟል። ግን ፎቶ ነው። የጉግል ማሽን ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሻገረ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ያጌጠ የአማርኛ ፊደል ፎቶ ውስጥ ሲገባ ቢበዛ ይገምተዋል እንጂ በእርግጠኝነት አያነበውም። «ሐዋሳ የአሳ ጉላሽ» ብሎ የሚፈልግ ሰው እናንተ ጋ የማይደርሰው ለዚህ ነው። ስልክ ቁጥራችሁም ያለው ባነሩ ውስጥ ነው፤ ነክቶ መደወል አይቻልም፣ ቁጥሩን በቃል ይዞ መጻፍ ነው። ደግሞ የከተማውን ስም ሰው እንደየልማዱ ነው የሚጽፈው፦ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ። ገጻችሁ ውስጥ የተለያዩት አጻጻፎች አንድ አንድ ቦታ ቢገቡ ክፋት የለውም። በእንግሊዝኛም ጨምሩበት።

ዌብሳይቱ ሲከፈት የሚመጣውን የድሮን ቪዲዮ አውጡት። በሞባይል ዳታ ስከፍተው ሐይቁ እስኪመጣ ሻይ አስቀርቤ ጠጣሁ። እንግዳው የሚከፍለው በዳታው ነው። ፎቶዎቹንም ከካሜራ እንደወረዱ አትስቀሏቸው፣ አሳንሷቸው። ሐይቁን ሰውየው ያውቀዋል፣ ሊያየው ነው የሚመጣው። የማያውቀው የእናንተን ሻወር ነው። የሻወሩን ፎቶ አስገቡ።

ስለ 21 ሺህ ተከታዮቹ ልንገራችሁ፣ ቅር እንዳይላችሁ። ፖስቶቹን ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ ብዙዎቹ የመጡት «ላይክ፣ ሼር፣ ታግ ያድርጉ፣ የሞባይል ካርድ ይሸለሙ» ባላችሁበት ሰሞን ነው። እነሱ የፈለጉት ካርድ ነው። አልጋ አይደለም። ተከታይ መሆናቸውም የለጠፋችሁትን ያያሉ ማለት አይደለም። ማን ምን እንዲያይ የሚመርጠው የፌስቡክ ማሽን ነው፤ ለጥቂቱ ያሳያል፣ ለቀሪው እንዲያሳይ ክፈሉ ይላችኋል። ይሄ ኢንተርኔት ስለሆነ አይደለም፣ ፌስቡክ ስለሆነ ነው። ፌስቡክ ኢንተርኔት ላይ የተሠራ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው። ባለቤት አለው፣ መሀል ላይ የቆመ አለው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የታየበት ቀን አለ፦ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.። ሰኞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4፣ 2021 መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ባንዴ ድርግም አሉ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ጠፍተው ቆዩ። የሆነው ይሄ ነው። ኢንተርኔት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መረብ ለጎረቤቶቹ «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው፣ ወደ እኔ ላኩ» እያለ ያሳውቃል። የፌስቡክ መሐንዲሶች ለጥገና የሰጡት አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መስመር በጠሰው። ይህን ተከትሎ አድራሻቸውን የሚያሳውቁት ማሽኖች ማሳወቃቸውን አቆሙ። ሌላው ዓለም ወደ ፌስቡክ መሄጃውን አጣው። ሠራተኞቹ እንኳ የውስጥ መሣሪያዎቻቸው አብረው ስለጠፉ ችግሩን ለማስተካከል ተቸገሩ። ቀሪው ኢንተርኔት ግን ሥራውን ቀጠለ። ኢሜይል ይሠራ ነበር። ዌብሳይቶች ይከፈቱ ነበር። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በዚያን ቀን ብቻ ከ70 ሚሊዮን በላይ አዲስ ተጠቃሚ እንደተቀበሉ ጽፏል። ሰዉ ለቅሶ አልተቀመጠም፣ በሌላ መንገድ ሄደ።

ያን ምሽት ስልክ ቁጥራቸውና ዋጋቸው ፌስቡክ ላይ ብቻ የነበረ ነጋዴዎች ነበሩ። እናንተ ፌስቡክን ተዉ አልላችሁም። ሰው እዚያ ነው ያለው። ኮሜንቱን እዚያው መልሱ፣ በአደባባይ፣ አንድ መልስ ለአሥር ሰው እንዲሆን። የነገሩ መሠረት ግን በራሳችሁ ስም ባለ ገጽ ላይ ይቀመጥ። የቋሚ እንግዶቻችሁንም ስምና ስልክ፣ እነሱ ከፈቀዱ፣ በራሳችሁ ደብተር ያዙ።

ወደ ፎቶ ስርቆቱ ልምጣ። እዚህ ላይ እውነቱን መቀበል ይሻላል፤ ኢንተርኔት ላይ ማሳየት ማለት ቅጂ መስጠት ማለት ነው። እንግዳው የክፍላችሁን ፎቶ ሲያይ ፎቶው እናንተ ጋ ሆኖ በመስኮት አይደለም የሚያየው። ስልኩ ውስጥ ገብቶለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማስቀመጥ፣ መላክ፣ ስክሪንሾት ማድረግ የእሱ ጫፍ ሥራ ነው። ፎቶው መሀል ላይ ትልቅ የድርጅት ስም ለጥፋችሁበታል፤ የቀጣፊውን ሥራ አቀለላችሁለት እንጂ አላገዳችሁትም። በእናንተ ስም ነው የሚያጭበረብረው፣ ስማችሁ ያለበት ፎቶ ምን ያደርገዋል?

ስለዚህ መቅዳቱን ለማገድ አትድከሙ። ሊቀዳ የማይችለውን ነገር አጠንክሩ። እሱም «እውነተኛዎቹ እነማን ናቸው?» የሚለውን ማጣራት የሚቻልበት አንድ ቋሚ ቦታ ነው። ቀብድ የምትቀበሉት በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ብቻ ይሁን፣ በግለሰብ ስም አይሁን። ሂሳቡንና ስልኩን ዌብሳይታችሁ ላይ፣ ጉግል ማፕ ላይ፣ ፌስቡኩና ቴሌግራሙ ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ። «ከዚህ ውጭ ቀብድ አንቀበልም፣ ከተጠራጠሩ ይደውሉ» የሚል መስመር ጨምሩ። አሁን እንዳየሁት ፌስቡካችሁ ላይ ያለው ስልክና ዌብሳይታችሁ ላይ ያለው ስልክ እንኳ አይመሳሰልም። እንግዳው የቱን ይመን? ሐሰተኛውን ቻናል ሪፖርት አድርጉ፤ የተጭበረበሩ ሰዎች የላኩበትን ማስረጃ ሰብስባችሁም ለፖሊስ አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርን ይቀጣል።

ጉግል ማፕ ላይ የተጻፈባችሁን ደግሞ አነበብኩት። ሁለት ኮከብ ነው። «ክፍሉ ንጹሕ ነው። ማታ ግን ውሃ አልነበረም፣ ጀነሬተሩን 4 ሰዓት ላይ አጠፉት፣ ስንጠይቅ ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ አመናጨቀን» ይላል። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ስም ማጥፋት አይደለም፣ ቅሬታ ነው። ጉግል ስድብን፣ ማስታወቂያን፣ ቦታውን ጭራሽ የማይመለከት ጽሑፍን ሪፖርት ሲደረግለት ሊያነሳ ይችላል። ባለቤቱን አላስደሰተም ብሎ ግን አያነሳም። ጠበቃ ይዤ አስነሳዋለሁ የምትሉ ከሆነ አንድ ታሪክ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ2003 ባርብራ ስትራይሳንድ የተባለችው አሜሪካዊት ዘፋኝና ተዋናይት የባሕር ዳር ቤቷን ከአየር ላይ ያነሳ ፎቶግራፍ አንሺን 50 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች። ሰውየው ቤቷን ፈልጎ አልነበረም፤ የካሊፎርኒያን የባሕር ዳርቻ በሙሉ ነበር የሚያነሳው። ክሱ ከመምጣቱ በፊት ያ ፎቶ የወረደው ስድስት ጊዜ ነው። ሁለቱ የራሷ ጠበቆች ናቸው። ክሱ ሲሰማ ግን በአንድ ወር ውስጥ ከ420 ሺህ በላይ ሰው ገጹን ጎበኘው። በክሱም ተረታች። ዛሬ ሰው ሊያስጠፋ ሲታገል ያገነነውን ነገር በስሟ ይጠሩታል። ጋዜጣ ቢሆን ቅጂውን ሰብስቦ ማቃጠል ይቻል ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ ማተሚያ ቤት አለው።

መልሱለት። በአጭሩ፣ በስሙ ጠርታችሁ፣ ሳትከራከሩ። «ስለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ። በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ውሃ ተቋርጦ ነበር። ተጨማሪ ታንከር አስገብተናል። ጀነሬተሩ አሁን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይሠራል። ስለ አነጋገሩም ሠራተኛችንን አነጋግረናል።» ታንከሩን እውነት ካስገባችሁ ነው ታዲያ። ይህን የምትጽፉት ለቅሬታ አቅራቢው ብቻ አይደለም። ነገ አልጋ ሲፈልግ ቅሬታዎቹን ብቻ መርጦ የሚያነብ ሰው አለ፣ እኔም እንደዚያ ነኝ። ሁሉም አምስት ኮከብ የሆነ ቦታ ያስፈራኛል። ዘመድ ጓደኛ ሰብስባችሁ በአንድ ቀን «በጣም አሪፍ ቦታ» አታስጽፉ፤ ከሩቅ ያስታውቃል። እንግዳው ረክቶ ሲወጣ «ጊዜ ካላችሁ ማፑ ላይ ጻፉልን» በሉት፣ ይበቃል።

ማፑን ካነሳን አይቀር፣ ምልክታችሁ የተተከለው አንድ መንገድ አልፎ ነው። እንግዳው ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ማፑን ተከትሎ ሲዞር ለእናንተ ሳይሆን ለሹፌሩ ነው የሚከፍለው። አስተካክሉት፣ ነጻ ነው።

አፑን ከላይ ጨርሰነዋል ማለት ይቻላል። ሐዋሳን በዓመት ሁለቴ የሚያይ ሰው ለእናንተ ብሎ አፕ አያወርድም። ስልኩ ሞልቷል። አፕ ውስጥ ያለ ዋጋ ጉግል ላይ አይገኝም፣ ሊንኩን ለሚስቱ ሊልክላት አይችልም። ትልልቅ የሆቴል ሰንሰለቶች አፕ አላቸው ከተባላችሁ፣ እነሱ በየሳምንቱ የሚመለስ ተጓዥ አላቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ ዶሜይናችሁ ነው፤ አልጠየቃችሁኝም፣ ግን ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። የድርጅታችሁ ስም ያለበት የዌብሳይት አድራሻ በማን ስም ነው የተመዘገበው? ኮም የሚል መጨረሻ ያለው አድራሻ ከውጭ በዶላር ካርድ ስለሚገዛ፣ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ ነው። በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ እንደዚያ ነው የሚቀለው። ግን ልጁ ሥራ ቢቀይር፣ አገር ቢለቅ ወይም አፑን ስላላሠራችሁ ቢያኮርፍ፣ በዓመቱ የሚያድሰው የለም። ካልታደሰ ሌላ ሰው ይገዛዋል። ያን ጊዜ በስማችሁ ቀብድ የሚቀበለው ሰው ፎቶ መስረቅም አያስፈልገውም።

ዛሬ ደውሉለት። የተመዘገበበትን ኢሜይል ወደ ድርጅቱ ኢሜይል እንዲቀይር፣ አድራሻውን ወደ እናንተ ለማዛወር የሚያስፈልገውን የማስተላለፊያ ኮድ እንዲሰጣችሁ፣ የሚታደስበትን ቀን እንዲነግራችሁ በትሕትና ጠይቁት። ለድካሙ ክፈሉት። እምቢ ካለ የኢትዮጵያን የዶሜይን መጨረሻ (.et የሚለውን) የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ፣ እዚያ በንግድ ፈቃዳችሁ አዲስ ስም መጠየቅ ትችላላችሁ። አዲሱን ስም ማፑ ላይ፣ ፌስቡኩ ላይና ፕሮፎርማው ላይ ቀይሩት፤ አሮጌው አድራሻ ግን የእናንተ እንዳልሆነ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ፌስቡካችሁ አናት ላይ ለጥፋችሁ አቆዩት።